ወፍራም ድምፅና ልኬቱ፤ ከጥሩንባው ዘመን እስከ ሳሎን

በሙዚቃ ውስጥ ወፍራም ድምፅ የሚይዘው ስፍራ በሕንፃ ውስጥ መሠረት ከሚይዘው ስፍራ ጋር የተመሳሰለ ነው። መሠረት ከመሬት በታች ተቀብሮ ከዓይን እንደሚሰወር ሁሉ ወፍራሙም ድምፅ በቦታው ሲገኝ እምብዛም ልብ አይባልም፤ የጎደለ ዕለት ግን ከበላዩ ያለው ዜማ ሁሉ እንደ ተንጠለጠለ ይቀራል። በማኅሌት ጊዜ ከከበሮ አጠገብ የቆመ ሰው ድምፁን በጆሮው ብቻ ሳይሆን በደረቱም ይቀበለዋል። ይኸው የከበሮ ድምፅ ተቀርጾ በቤት ውስጥ በሚሰማበት ጊዜ ግን ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው እጅ ቆዳውን ሲመታ የሚሰጠው ጠቅታ ነው፤ ደረትን የሚመታው ክፍል መንገድ ላይ ይቀራል። የት ቦታ ላይ ቀረ? ለምንስ ቀረ? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ አለ የሚባለው ወፍራም ድምፅ በእርግጥ መኖሩ በምን ይታወቃል? በነዚህ ጥያቄዎች ላይ የደከሙ ሰዎች ታሪክ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወደ ታሪኩ ከመግባት በፊት ነገሩን በቁጥር ማየት ይገባል። ድምፅ የአየር ንዝረት ሲሆን፣ ንዝረቱ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ የሚነገረው በኸርትዝ ነው። የሰው ጆሮ ከ20 ኸርትዝ ገደማ ጀምሮ ይሰማል። የደብል ቤዝ ወፍራሙ ክር 41 ኸርትዝ፣ የፒያኖ የመጨረሻው የግራ ቁልፍ 27.5 ኸርትዝ ላይ ይገኛሉ። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ የደብል ቤዙ ድምፅ አንዱ ሞገድ 8 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት አለው፤ የፒያኖው ደግሞ 12 ሜትር ተኩል ይደርሳል። እነዚህ ሞገዶች ከአብዛኛው ሳሎን ይረዝማሉ። ከዚህም ሌላ ሞገዱ በረዘመ መጠን ድምፁን ለመፍጠር የሚገፋው አየር ይበዛል። የስፒከሩ ሽፋን በ80 ኸርትዝ ላይ በ1 ሚሊ ሜትር እንቅስቃሴ የሚሰጠውን የድምፅ መጠን በ40 ኸርትዝ ለመስጠት 4 ሚሊ ሜትር፣ በ20 ኸርትዝ ለመስጠት ደግሞ 16 ሚሊ ሜትር መንቀሳቀስ ይኖርበታል። ችግሩ ሁሉ የሚመነጨው ከነዚህ ሁለት ሐቆች ነው።

ቶማስ ኤዲሰን በ1877 የሰው ድምፅ በቆርቆሮ ቅጠል ላይ ቀርጾ መልሶ ባሰማ ጊዜ ስለ ወፍራም ድምፅ የተጨነቀ ሰው አልነበረም። ሰው የተናገረው ተመልሶ መሰማቱ ራሱ በቂ ተአምር ነበር። ከዚያ በኋላ ለሃምሳ ዓመት ገደማ የተቀረጸው ሙዚቃ ሁሉ ያለ ኤሌክትሪክ የተቀረጸ ነው። ተጫዋቾቹ በአንድ ትልቅ ጥሩንባ አፍ ዙሪያ ይሰበሰባሉ፤ የሚያወጡት ድምፅ በጥሩንባው ጠባብ ጫፍ ያለውን ስስ ሽፋን ያነቃንቃል፤ ሽፋኑም ብረቱን እየገፋ በሰም ላይ ይጽፋል። ሥራው ሁሉ የሚከናወነው በተጫዋቾቹ ትንፋሽና ክንድ ኃይል ነው። በዚህ ዘዴ በሰሙ ላይ ሊጻፍ የቻለው በግምት ከ250 እስከ 2500 ኸርትዝ ያለው ብቻ ነበር። ከዚያ በታች ያለው ከጥሩንባው አያልፍም፤ ቢያልፍም ይህ ነው የሚባል አልነበረም።

ስለሆነም መሣሪያው ሙዚቃውን መልሶ ለማሰማት ስላልቻለ ሙዚቃው ለመሣሪያው እንዲመች ተደርጎ ተለወጠ። የቫዮሊን ሳጥን ተነሥቶ በምትኩ የብረት ጥሩንባ የተተከለበት፣ በፈጣሪው በስትሮ ስም ለሚጠራ ቫዮሊን በ1899 የፈጠራ መብት ማመልከቻ ቀረበ። ደብል ቤዙ ከቀረጻ ክፍል እየወጣ ቱባ በቦታው ገባ። ትልቁ ታምቡርም ሲመታ የሚጽፈውን ብረት ከመስመሩ ሊያስወጣው ስለሚችል በአብዛኛው ተከለከለ።

ይህ ጉዳይ ለታሪክ ጸሐፊ ቀላል አይደለም። በሚያዝያ 1923 በኢንዲያና ክፍለ ግዛት በሪችመንድ ከተማ፣ በጄኔት ኩባንያ የቀረጻ ክፍል፣ የኪንግ ኦሊቨር ክሪዮል ጃዝ ባንድ ሸክላ አስቀረጸ። ወጣቱ ሉዊ አርምስትሮንግ ሁለተኛውን ኮርኔት ይነፋ ነበር። ቢል ጆንሰን በቺካጎ ዳንስ ቤቶች የሚታወቀው ደብል ቤዝ በመጫወቱ ሲሆን በነዚያ ሸክላዎች ላይ የሚሰማው ግን ባንጆ ሲመታ ነው። የታምቡር ተጫዋቹ ቤቢ ዶድስ ታምቡሮቹን ትቶ በእንጨት ቁራጭ ላይ ምት ሲጠብቅ ይሰማል። እነዚህ ሸክላዎች የጃዝ ሙዚቃ ዐበይት ሰነዶች ተብለው በየትምህርት ቤቱ ይጠናሉ። ይሁንና ከነሱ ብቻ የሚማር ተማሪ ያ ባንድ ከወለል በታች ምንም ያልነበረው፣ በቀጭን የእንጨት ኳኳታ የሚመራ ባንድ ነበር ብሎ ሊደመድም ይችላል። በአዳራሹ ውስጥ ሰዎችን ያስጨፈረው ክፍል ከሰነዱ ላይ የለም፤ ዛሬ ባለ ማናቸውም መሣሪያ ሊመለስም አይችልም፤ ምክንያቱም ፈጽሞ አልተጻፈም። ወፍራም ድምፅ መጉደሉን ለይቶ የማወቅ አስፈላጊነት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይሻም።

ለውጡ የመጣው በ1925 ነው። በቤል ላቦራቶሪ የሚሠሩት ጆሴፍ ማክስፊልድና ሄንሪ ሃሪሰን ድምፅን በማይክሮፎን ተቀብሎ፣ በቫልቭ አጉልቶ፣ በኤሌክትሪክ ኃይል በሰም ላይ የሚጽፍ ዘዴ አቀረቡ፤ ቪክተርና ኮሎምቢያ የተባሉት የሸክላ ኩባንያዎችም በዚያው ዓመት ተቀበሉት። የተቀረጸው ድምፅ ከ100 ኸርትዝ ገደማ ጀምሮ ይሰማ ጀመር። ደብል ቤዙ ወደ ቀረጻ ክፍል ተመለሰ።

በዚያው በ1925 ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ የተባሉ የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲሶች እስከ ዛሬ በየቤቱ የሚገኘውን የስፒከር ዓይነት በጥናት ጽሑፍ አስታወቁ። በማግኔት ክፍተት ውስጥ የተንጠለጠለ የሽቦ ጥቅል ከወረቀት ኮን ጋር ተያይዞ ወደፊትና ወደኋላ ይመላለሳል። ሁለቱ መሐንዲሶች ከመሣሪያው ይልቅ ሊመሰገኑበት የሚገባው ነገር ግን ሌላ ነው። ኮኑ ወደፊት ሲገፋ በፊቱ ያለው አየር ይታመቃል፣ በስተኋላው ያለው ይሳሳል። ሞገዱ አጭር ሲሆን ሁለቱ አይገናኙም። ሞገዱ ሲረዝም ግን የታመቀው አየር ጠርዙን ዞሮ የሳሳውን ይሞላና ሁለቱ ይጣፋሉ። ያለ ሳጥን የተሰቀለ ስፒከር የቱንም ያህል ትልቅ ቢሆን ወፍራም ድምፅ የማይሰጠው ለዚህ ነው። ስለዚህ የፊቱን ከኋላው የሚለይ መከለያ ያስፈልጋል። ከዚያ ወዲህ ያለው የስፒከር ታሪክ፣ በአጭሩ ለመናገር፣ በኮኑ ጀርባ ያለውን አየር ምን ማድረግ ይሻላል የሚለው ክርክር ነው።

አልበርት ቱራስ የተባለው የቤል ላቦራቶሪ ሰው በ1930 አመልክቶ በ1932 የፈጠራ መብት ያገኘበት ሐሳብ የኋላውን አየር በሳጥኑ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ አስወጥቶ ለፊተኛው አጋዥ ማድረግ ነበር። አሠራሩ ጠርሙስ አፉ ላይ ሲነፋ ከሚሰጠው ድምፅ ጋር አንድ ነው፤ የሳጥኑ ስፋትና የቀዳዳው መጠን ተመጣጥነው በተወሰነ ድግግሞሽ ላይ ያስተጋባሉ። ሐሳቡ እውነተኛ ቢሆንም ስሌቱ ለሠላሳ ዓመት ያህል በግምት ይሠራ ስለነበር ውጤቱ ብዙ ጊዜ መጥፎ ነበር። ሳጥኑ ባልተመጣጠነ ቁጥር ማናቸውም የባሱ ዜማ ወደ አንድ ድምፅ ይጠቀለላል። ባሱ ይወጣል ይወርዳል፤ ከሳጥኑ የሚሰማው ግን ያው አንድ ጉርምርምታ ነው። ይህንንም ገዢው «ይመታል» ብሎ ወደደው፤ ነጋዴውም ከመሸጥ አልቦዘነም።

ጆሮ በዚህ ነገር መታለሉ የሚያስገርም አይደለም። ሃርቪ ፍሌቸርና ዊልደን መንሰን በ1933 ባወጡት ጥናት የሰው ጆሮ ለወፍራም ድምፅ ያለው ንቃት ለመካከለኛው ካለው በእጅጉ ያነሰ መሆኑን በመስመር ነድፈው አሳዩ። በ2003 በወጣው ዓለም አቀፍ መለኪያ መሠረት በ1000 ኸርትዝ 40 ዴሲቤል ከሆነ ድምፅ ጋር እኩል ጎልቶ ለመሰማት የ50 ኸርትዝ ድምፅ 78 ዴሲቤል ያህል መሆን አለበት። ሙዚቃው ዝቅ ተደርጎ ሲከፈት መጀመሪያ የሚጠፋው ባሱ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ጆሮ የሌለውን የመስማት ችሎታም አለው። የፊሊፕስ ኩባንያ ተመራማሪ የነበረው የኔዘርላንድሱ ተወላጅ ስኋውተን በ1930ዎቹ መጨረሻና በ1940 ባቀረባቸው ጥናቶች፣ የአንድ ድምፅ መሠረታዊ ንዝረት ተቆርጦ ቢወጣ እንኳ ከበላዩ የሚነሡት ተከታይ ንዝረቶች እስካሉ ድረስ ሰው የተቆረጠውን ድምፅ እንደሚሰማ አረጋገጠ። ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በጾም ወቅት ከትንሽ የእጅ ሬዲዮ በገና የሰማ ሰው ሁሉ ምስክር ነው። የመዳፍ ያህል ስፋት ያለው የሬዲዮ ስፒከር የበገናውን ወፍራም ክሮች መሠረታዊ ንዝረት ጨርሶ ሊያወጣው አይችልም። ይሁንና በበገናው ድልድይ ላይ በክሩና በእንጨቱ መካከል የሚገቡት የቆዳ ቁራጮች፣ እንዚራዎቹ፣ ለእያንዳንዱ ክር በተከታይ ንዝረት የበለጸገ ጥዝጥዝታ ስለሚሰጡት አእምሮ ከዚያ ተነሥቶ የጎደለውን መሠረት ራሱ ይሠራዋል። አድማጩ ያዜመውን በገና ያውቀዋል፤ ያልደረሰውን ግን አያውቅም። እንግዲህ «ወፍራሙን ድምፅ ሰምቻለሁ» የሚል ምስክርነት ብቻውን ማስረጃ ሊሆን አይችልም ማለት ነው። ልኬት ያስፈለገውም ከዚህ የተነሣ ነው።

እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በቤት ውስጥ እውነተኛ ባስ መስማት የሚሻ ሰው ለቁም ሣጥን የሚበቃ ቦታ ማዘጋጀት ነበረበት። በአርካንሶ ክፍለ ግዛት በሆፕ ከተማ በ1946 ሥራ የጀመረው ፖል ክሊፕሽ የክፍሉን ሁለት ግድግዳዎች እንደ ጥሩንባው ክንፍ የሚጠቀም፣ ጥግ ላይ የሚቆም ትልቅ ስፒከር ሠራ። ብልሃቱ ድንቅ ነው፤ ሆኖም ባለቤቱን ሰፊ ክፍልና ነፃ ጥግ ይጠይቀዋል።

ይህን ሁኔታ የለወጠው ኤድጋር ቪልቹር በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የድምፅ ቴክኒክ የሚያስተምር ሰው ነበር። ቪልቹር የተነሣው ከአንድ ቀላል ጥያቄ ነው፤ ኮኑን የሚያዛባው ምንድን ነው? ኮኑ ወደ ቦታው የሚመለሰው በጠርዙና በመሐሉ ባሉት ማንጠልጠያዎች ጥንካሬ ነው። እነዚህ ማንጠልጠያዎች እንቅስቃሴው ጥቂት ሲሆን በእኩልነት ይታዘዛሉ፤ ሲበዛ ግን ይገተራሉ። ወፍራም ድምፅ ደግሞ ብዙ እንቅስቃሴ ይጠይቃል። ስለዚህ ኮኑ በዜማው ልክ ሳይሆን በማንጠልጠያው ልክ ይሄዳል፤ ያልተጫወተ ድምፅ ይጨምራል። ቪልቹር የመለሰው መልስ ማንጠልጠያውን እጅግ አላልቶ ሳጥኑን አየር እንዳያስወጣ አድርጎ መዝጋት ነበር። በተዘጋው ሳጥን ውስጥ የታሰረው አየር ኮኑን የሚመልስ ሞላ ይሆናል። የአየር ሞላ ከብረትም ከጨርቅም ይልቅ በእኩልነት ይታዘዛል። ከዚህም ሁለተኛ ጥቅም ተገኘ፤ ይህ ዘዴ የሚሠራው ሳጥኑ ትንሽ ሲሆን ነው።

ሐሳቡን ለታወቁ አምራቾች ቢያቀርብም የተቀበለው አልነበረም። ከተማሪዎቹ አንዱ ከነበረው ከሄንሪ ክሎስ ጋር በ1954 በማሳቹሴትስ በኬምብሪጅ ከተማ አኩስቲክ ሪሰርች የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ። የመጀመሪያው ሥራቸው ኤአር-1 በመጽሐፍ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ፣ ወደ 50 ሊትር ገደማ የሚይዝ ሳጥን ሲሆን፣ ከቁም ሣጥን የሚያህሉት ባላንጣዎቹ የማይሰጡትን ጥልቅ ባስ ያለ መዛባት ይሰጥ ነበር።

ለታሪኩ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የተለካበት መንገድ ነው። በክፍል ውስጥ የተለካ ባስ የስፒከሩንም የክፍሉንም ድምፅ አደባልቆ ስለሚያሳይ ማን ምን እንደሠራ አይለይም። ግድግዳቸው ድምፅ የሚውጥ ልዩ ክፍሎች ነበሩ፤ ሆኖም የስምንትና የአሥር ሜትር ሞገድን ለመዋጥ የሚበቃ ክፍል ብርቅ ነው። ቪልቹርና ባልደረቦቹ ወደ ሜዳ ወጡ። ስፒከሩ ፊቱን ወደ ሰማይ አድርጎ፣ ከመሬቱ ወለል ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ ተቀበረ፤ ማይክሮፎኑም ከበላዩ ተሰቀለ። ከላይ ሰማይ እንጂ የሚያስተጋባ ነገር የለም፤ መሬቱም ወሰን የሌለው መከለያ ሆኖ ያገለግላል። ለጥናቱ የወጣው ወጪ አንድ ጉድጓድ ነበር ማለት ይቻላል። ኩባንያው የመዛባት መጠኑን ጭምር በቁጥር እያተመ ያወጣ ጀመር፤ ያን ጊዜ ሌሎች የሚያትሙት በአብዛኛው የምስጋና ቃል ነበር። ከዚህም አልፎ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፋይን አርትስ የተባለው የሕብረ አውታር ጓድ በሕዝብ ፊት ሲጫወት በመካከሉ ቀስታቸውን ሳያቋርጡ በስፒከር የሚሰማው ቅጂ ይተካ ነበር፤ ብዙው አድማጭ ልውጫው የት ላይ እንደተደረገ ሊለይ አልቻለም።

የቪልቹር የፈጠራ መብት በኋላ በፍርድ ቤት ፈረሰ። ኤሌክትሮ-ቮይስ የተባለው ኩባንያ ባነሣው ክርክር የሃሪ ኦልሰን ቀደምት ሥራ ማስረጃ ሆኖ ቀረበ። ቪልቹርም ይግባኝ አላለም። ዘዴው የሁሉ ሆነ፤ እሱም ጥቂት ቆይቶ ኩባንያውን ሸጦ መስማት ለተሳናቸው ሰዎች የሚሆን የጆሮ መሣሪያ ወደ ማጥናት ተሸጋገረ።

ከክሎስ ጋር ኬኤልኤች የተባለውን ሌላ ኩባንያ ያቋቋመው አንቶን ሆፍማን የጉዳዩን ቅራኔ በአንድ ሕግ አጠቃሎታል። ትንሽ ሳጥን፣ ጥልቅ ባስ፣ በጥቂት ኃይል ብዙ ድምፅ፤ ከነዚህ ከሦስቱ ሁለቱን ብቻ መምረጥ ይቻላል። ቪልቹር ሦስተኛውን ከፍሎ ነው ሁለቱን የገዛው፤ ስፒከሮቹ ጠንካራ አምፕሊፋየር ይጠይቁ ነበር። ሦስቱንም እሰጣለሁ የሚል ማስታወቂያ በየዘመኑ አልጠፋም። ሕጉ ግን የአየር ሕግ ስለሆነ በማስታወቂያ አልተሻረም።

ባለ ቀዳዳው ሳጥን ከግምት የወጣው ከሁሉም ራቅ ባለች አገር ነው። አውስትራሊያዊው ኔቪል ቲል በ1961 በአገሩ የሬዲዮ መሐንዲሶች መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ፣ ስፒከርና ሳጥን አብረው እንደ አንድ የኤሌክትሪክ ማጣሪያ ሊሰሉ እንደሚችሉ አሳየ። ጽሑፉ ዐሥር ዓመት ያህል ልብ የሚለው አጥቶ ከቆየ በኋላ በ1971 በአሜሪካ የድምፅ መሐንዲሶች ማኅበር መጽሔት እንደገና ታተመ። በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ያጠናው ሪቻርድ ስሞል በ1972 እና በ1973 ሥራውን አስፋፍቶ ከፍጻሜ አደረሰው። የነዚህ ሁለት ሰዎች ውለታ ለመምህራን በተለይ ግልጽ ሊሆን ይገባል። ባስን ለመተንበይ የሚያስፈልጉት ቁጥሮች፣ ማለትም ኮኑ በነፃ የሚያስተጋባበት ድግግሞሽ፣ የማንጠልጠያው ልልነትና የማግኔቱ ጉልበት፣ ያለ ማይክሮፎንና ያለ ልዩ ክፍል በአንድ የድምፅ ማመንጫ፣ በአንድ ቮልት መለኪያና በአንድ ሬዚስተር የሚገኙ ሆኑ። የኤሌክትሪክ ትምህርት የሚሰጥበት ማናቸውም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለው ዕቃ ነው። አንድ አናጢ ቁጥሮቹ ከተሰጡት ሳጥኑን ከመጋዙ በፊት የሚወጣውን ድምፅ ማወቅ ይችላል።

በ1974 ዶናልድ ኪል የቪልቹርን ጉድጓድ ወደ ቤት አስገባው ማለት ይቻላል። ማይክሮፎኑ ከኮኑ መሐል ሊነካው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ቢጠጋ፣ ከኮኑ የሚመጣው ድምፅ ከግድግዳ ተመልሶ ከሚመጣው እጅግ ስለሚያይል ክፍሉ ከልኬቱ ይወጣል። ሳጥኑ ቀዳዳ ካለው ቀዳዳውም ለብቻው ይለካና እንደ ስፋቱ መጠን ከኮኑ ጋር ይደመራል። ሜዳም ጉድጓድም ሳያስፈልግ በተራ ክፍል ውስጥ፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ፣ የስፒከሩ እውነተኛ ባስ ይታወቃል።

በዚህን ጊዜ ሳጥኑ ጥፋተኛ ከመሆን ነፃ ወጣ። ጉርምርምታው ግን ከብዙ ቤቶች አልወጣም፤ በሜዳ ላይ ቀጥ ያለ መስመር የሰጠ ስፒከር ሳሎን ሲገባ ተራራና ሸለቆ ያሳያል። ከሳጥኑ የቀረ ተጠያቂ ክፍሉ ነው።

የሚገርመው መልሱ ከጥያቄው በፊት መገኘቱ ነው። ሎርድ ሬይሊ የድምፅ ትምህርት የተባለውን መጽሐፉን ያወጣው በ1877 እና በ1878፣ ኤዲሰን የቆርቆሮ ቅጠሉን ባዞረበት ወራት ነው። በአራት ማዕዘን ክፍል ውስጥ አየር በየትኞቹ ድግግሞሾች እንደሚያስተጋባ የሚነግረው ስሌት እዚያ ውስጥ ይገኛል። 5 ሜትር ርዝመት፣ 4 ሜትር ስፋትና 2 ሜትር ከ80 ከፍታ ያለው ሳሎን ይታሰብ። በርዝመቱ 34፣ በወርዱ 43፣ በከፍታው 61 ኸርትዝ ላይ ያስተጋባል፤ ከዚያም በላይ እየተደጋገመና እየተቀላቀለ ይሄዳል። በነዚህ ድግግሞሾች ድምፁ በግድግዳዎቹ አጠገብ ይከማቻል፤ በመካከል ይጠፋል፤ መሣሪያው ዝም ካለም በኋላ ጥቂት ይቆያል። የደብል ቤዙ የመጨረሻ ክር 41 ኸርትዝ መሆኑ ከላይ ተጠቅሷል። በዚህ ሳሎን ውስጥ ያ ክር በተመታ ቁጥር ከጎረቤቶቹ ድምፆች ይልቅ ይጮኻል፤ ጎን ግድግዳውን ተደግፎ የተቀመጠ እንግዳ ባሱ በዛ ሲል፣ በክፍሉ ወርድ መካከል የተቀመጠው ባለቤት ባስ የለም ይላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። በዚህ የተነሣ በየቤቱ የሚነሣው ክርክር በጆሮ ብቻ ሊፈታ አለመቻሉ ግልጽ ነው።

ግድግዳ ሌላም ሥራ አለው። በአኩስቲክ ሪሰርች ይሠራ የነበረው ሮይ አሊሰን በ1974 ባወጣው ጥናት፣ በስፒከሩ አቅራቢያ ያለ ግድግዳ የሚመልሰው ድምፅ ስፒከሩ የሚሰጠውን ኃይል ራሱን እንደሚለውጥ አሳየ። ከጀርባው 1 ሜትር ላይ ግድግዳ ያለበት ስፒከር በ86 ኸርትዝ ገደማ የራሱ ድምፅ ዞሮ ይቃወመዋል፤ የሩብ ሞገድ ርዝመት በመሆኑ ነው። ወደ ግድግዳው ቢጠጋ ጎዶሎው ወደ ላይ ይሸሻል፤ ጥግ ውስጥ ቢገባ ባሱ ይበዛል፤ የክፍሉም ማስተጋባት ሁሉ ይቀሰቀሳል።

የልኬቱ መሣሪያ በበኩሉ እየቀለለ መጣ። ሪቻርድ ሃይሰር በ1967 የስፒከሩን ቀጥተኛ ድምፅ ከተመላሹ በጊዜ የሚለይ ዘዴ አቀረበ። ጣሊያናዊው አንጀሎ ፋሪና በ2000 ከወፍራም ተነሥቶ እስከ ቀጭን በሚያሻቅብ አንድ ተከታታይ ድምፅ ክፍሉን ከነመዛባቱ መለካት የሚቻልበትን መንገድ አሳየ። ዛሬ ይህ ሥራ በአንድ የመለኪያ ማይክሮፎንና በአንድ ተራ ኮምፒዩተር ይከናወናል። በ1950ዎቹ አንድ ላቦራቶሪ ያልነበረው ችሎታ በአንድ የሙዚቃ መምህር ጠረጴዛ ላይ ሊገኝ ይችላል።

መሣሪያው መቅለሉ ግን አዲስ ስሕተት አመጣ። መስመሩ ጎድጎድ ብሎ የታየው ሁሉ ጉድለቱን በኤሌክትሪክ ለመሙላት ይሞክራል። ጉብታን መቀነስ ይቻላል፤ ይጠቅማልም። ሁለት ሞገዶች ተጣፍተው የፈጠሩት ሸለቆ ግን ኃይል በተጨመረለት ቁጥር ተቃዋሚውም እኩል ስለሚጨምር አይሞላም። 10 ዴሲቤል መጨመር ከአምፕሊፋየሩ ዐሥር እጥፍ ኃይል ይጠይቃል፤ ኮኑ እስኪቀደድ ቢገፋም ሸለቆው ባለበት ይገኛል። በአሜሪካ የሃርማን ኩባንያ ተመራማሪ ቶድ ዌልቲ በ2002 ባቀረበው ጥናት ሌላ መፍትሔ ቀርቧል። ለባስ ብቻ የተለዩ ስፒከሮች በአራቱ ግድግዳዎች መካከል ላይ አንድ አንድ ቢቀመጡ የክፍሉ ማስተጋባት በከፊል እርስ በርሱ ይጣፋና በየመቀመጫው የሚሰማው ባስ ይቀራረባል። ሁለት እንኳ በተቃራኒ ግድግዳዎች መካከል ቢቆሙ ጥቅማቸው ከአራቱ ብዙ አያንስም። ከአራት በላይ መደርደር የሚጨምረው ጥቂት ነው፤ ይህም ስፒከር በብዛት ለመሸጥ ለሚያስብ ሰው የሚመች ውጤት አይደለም።

አራትም ሁለትም ለሌለው፣ አንድ ብቻ ለያዘ ቤት፣ ከሬይሊ ዘመን ጀምሮ የሚታወቅ ሌላ ሕግ ይረዳዋል። በክፍል ውስጥ ድምፅ የሚያወጣውና የሚሰማው ቦታ ቢለዋወጡ ውጤቱ አይለወጥም። ስለዚህ የባስ ስፒከሩ ወንበሩ ተነሥቶ በአድማጩ ቦታ ላይ፣ ከተቻለም በጆሮው ከፍታ ይቀመጣል፤ ዝግ ብሎ የሚወጣና የሚወርድ የባስ ዜማ ይከፈትለታል። አድማጩ ደግሞ ተንበርክኮ ጆሮውን ወደ ወለሉ አቅርቦ በግድግዳው ሥር ቀስ እያለ ይዞራል። ዜማው ሁሉም ድምፁ እኩል ሆኖ የሚሰማበት ቦታ ሲገኝ በኖራ ይመለከታል፤ ስፒከሩም ወደዚያው ይዛወራል። ከዚያ በኋላ ማይክሮፎኑ በወንበሩ ላይ ይቆማል፤ ከ20 እስከ 200 ኸርትዝ ያለው ይለካል፤ ስፒከሩ 50 ሳንቲ ሜትር ወደ ግራ ይገፋል፤ እንደገና ይለካል።